በልኬ የሚሆን የገና ዱላ

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

«ዘንድሮ ሩሯን ከቤተ ክርስቲያኑ በር መትቼ ወንዝ ነው የምከታት!» ይላል አያሌው። ጸጉር አስተካካዩ ቤት፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ተራ እጠብቃለሁ፤ አላየኝም። ከበሩ እስከ ወንዙ ያለውን አውቀዋለሁ። ያቺን የእንጨት ኳስ ደህና ጎረምሳ እንኳ እኩሌታውን አያደርሳትም። ግን አያሌው የእንስሳት ሐኪም ነው። ላሟ ትሞታለች ካለ ትሞታለች። አመንሁት።

ሳልላጭ ወጣሁ።

ደብተሬ፣ አንተ ገና ተጫውተህ አታውቅም፤ ላስረዳህ። ቡድን የሚከፈለው በጥንድ ነው። እኩያህን ትፈልጋለህ፦ እንዳንተ የሚመታ፣ እንዳንተ የሚሮጥ። ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፋችሁ የምስጢር ስም ታወጣላችሁ። ከዚያ ሁለቱ የቡድን አባቶች ፊት ትቀርባላችሁ። «ገብስ ወይስ ስንዴ?» አንዱ አባት ይመርጣል። አንዳችሁ ወዲህ፣ አንዳችሁ ወዲያ። እኩያ ያጣ ሰው ዳር ተቀምጦ የተጫዋች ጋቢ ይጠብቃል። ካቻምና ባሻ ከበደ ጋቢ ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ሜዳው አካባቢ አልታዩም።

እኔና አያሌው ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ጥንድ ነን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ትከሻዬ ላይ እጁን የሚጥል ሰው እሱ ብቻ ነው። ያውም በዓመት አንድ ቀን። እሱ ወንዝ ድረስ የሚመታ ከሆነ እኔን ምን ያደርገኛል?

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ይጁቤ ገበያ። አቧራ። አሮጌውን ዱላዬን ምስጥ በልቶታል፤ አዲስ መግዛት ግድ ነው።

ሻጩ ሦስት ዓይነት ዘርግቷል። አንደኛው ወይራ፣ ከባድ፣ ቆልማማው ጫፉ ጠባብ። ካገኘ ሩቅ ይልካል፤ ለማግኘት ግን ዓይንና ክንድ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቀላል፣ ጫፉ እንደ ጭልፋ የሰፋ። የመጣውን አይስትም፤ የትም ግን አያደርስም። ሦስተኛው የሁለቱ ድቅል ነው። ከነሥሩ የተነቀለ እንጨት፣ አንገቱ ተልጎ ቀጥኗል፣ ጭንቅላቱ ከብዷል። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።

ሻጩ ሦስቱንም በየተራ አስጨበጠኝ፤ ሦስቱንም «ለእርስዎ ብሎ የበቀለ ነው መምህር» አለኝ። ሦስተኛው ለምን ዓይነት ሰው ይሆናል አልሁት። አሰበ።

«ጎበዝ ለነበረ ሰው።»

ወይራውን ገዛሁ።

ታኅሣሥ 14፣ ማታ

ጓሮ ልምምድ። ክረምት ላይ የተሰበረው ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ይንቋቋል። ወይራው አንድ ጊዜ ሩሯን አገኛት። አንድ ጊዜ መሬቱን። አንድ ጊዜ ከእጄ አምልጦ አጥር ዘለለ። የጎረቤቴ ሚስት መልሳ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ፤ ምንም አላለችም። ባትናገር ይሻላል የሚባለው ውሸት ነው፤ ብትናገር ይሻል ነበር።

መጻፍም ያመኛል። ከእንግዲህ አያሌውን አያ. እለዋለሁ። ሳሳጥረው ታላቄ መሰለ። ግድ የለም፣ በስድስት ወር ይበልጠኛል።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ከት/ቤት ስመለስ በእንስሳት ክሊኒኩ በኩል አለፍሁ። አያ.ን ፊት ለፊት ልጠይቀው ቆርጫለሁ፦ ዘንድሮ ከእኔ ጋር ትጣመዳለህ አትጣመድም?

አልጠየቅሁም። በአጥሩ ክፍተት አየሁት። ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ፣ ያንን ከነሥሩ የተነቀለውን ዱላ ይዟል። ሰነዘረ። ሳተ። ደገመ። ሳተ። ሦስተኛው ነካት፣ ሩሯ ትንሽ ተንከባልላ ቆመች። ዙሪያውን ቃኘ። ከታሰረች አንዲት አህያ በቀር ማንም የለም። ሄዶ ሩሯን በእጁ አነሳት፣ አርቆ አስቀመጣት፣ ወደ ቦታው ተመለሰና እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ የላካትን ርቀት ተመለከተ። ረክቶ ራሱን ነቀነቀ።

ደስ አለኝ። ከዚያ አዘንሁ። ደስታው ይበልጥ ነበር፣ አንተን አልዋሽህም።

እኩያዬ ነው ማለት ነው። አሁን የሚያሳስበኝ የተካከልነው ምን ላይ እንደሆነ ነው።

ታኅሣሥ 18

ይጁቤ። ወይራውን መልሼ ሦስተኛውን ወሰድሁ። ሻጩ ምክንያቱን አልጠየቀም። ይህም ለእኔ ብሎ የበቀለ መሆኑን ግን አስታወሰኝ።

ዱላው ደህና ነው። ከአሥር ስድስቱን ያገኛል። ሩቅ አይልክም፤ አያዋርድምም። በዚህ ዕድሜ ከአንድ መሣሪያ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቃል?

ታኅሣሥ 24

ብርድ። ጾም። ሽሮ ለስንተኛ ቀን። ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። አባዬ በሞቴ ዘንድሮ ተመልካች ሁን፣ ያ እጅህ ዳግመኛ ቢሰበር ማን ያጎርስሃል፣ ትላለች። ኔትወርኩ አስቸገረ አልኋት። አላስቸገረም፤ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ባልሄድ ማን ያስተውላል ብዬ አሰብሁ። አንድ ስም ብቻ መጣልኝ። አያ.። እሱም ብቻውን ዳር ቆሞ ይቀራል። እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ምሽት 1 ሰዓት

እግሬን የሞቀ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምጽፍልህ። አሸነፍን። ሩሯን ሁለት ጊዜ ነካኋት፣ አንዱ በቁርጭምጭሚቴ። አያ. አንድ ጊዜ በደንብ መታት፤ ወደ ራሳችን በር። እጄ አልተሰበረም።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን ከጨዋታው በፊት የሆነውን ነው።

ሜዳው ዳር ቆሞ አገኘሁት። ዱላውን ከጋቢው ሥር ደብቋል፤ እኔም እንዲሁ። አወጣን። አንድ ዓይነት። ጎን ለጎን አድርገን አስተያየናቸው።

«አንተም?»

«እኔም።»

«ወንዝ ትከታታለህ ሲሉ ሰምቼ» አልሁት።

«ማነው ደግሞ ያለ?» አለ፣ ሳቅ ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ሐኪም ነውና ስሙን እሱ አወጣ። እሱ ፈረስ፣ እኔ በቅሎ። ተራችንን ጠበቅን። ከፊታችን ያሉት ጎረምሶች እየተመረጡ ይከፈላሉ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ጭቅጭቅ፣ ስድብ፣ ሳቅ። አያ. ጆሮዬ ላይ፣ ተቃራኒ ስንሆን እንዳትራራልኝ አለኝ። አልራራም አልሁት። ከልቤ ነበር።

ደረስን። አንዱ አባት ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፤ አስተምሬዋለሁ። ሌላው የእህል ነጋዴ።

«ፈረስ ወይስ በቅሎ?» አልን፣ አብረን።

የባጃጁ ልጅ ነጋዴውን አየው። ነጋዴው ሰዓቱን አየ። ኧረ ሁለቱንም ውሰዳቸው አለ። ልጁም «መምህር፣ ዶክተር፣ ሁለታችሁም ወደዚህ በሉ፣ ይመሻል» አለን።

የእኛ ቡድን ከነሱ በሁለት ሰው በለጠ። ከዚያኛው ወገን አንድም ሰው ቅር አላለውም።