በወንበርዎ ላይ ስለዋለው ኮት እና ስለ መጋዘኑ ግድግዳ

ይድረስ ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና ይሁን እያልኩ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ መጋዘን ጀርባ የምኖር የሥነ ዜጋ መምህር ይህን በአደባባይ ስጽፍልዎ ለድፍረቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሕግ አውጪው ያወጣል፣ አስፈጻሚው ያስፈጽማል፣ ተርጓሚው ይተረጉማል እያልኩ ለዓመታት ሳስተምር ኖሬ፣ አስፈጻሚውን በቅርብ የማየት ዕድል ያገኘሁት ዘንድሮ በእርስዎ ደጅ ነውና አመሰግናለሁ።

፩. የመጋዘንዎ ግድግዳ ወደ እናቴ መኝታ ክፍል ማዘንበል ሲጀምር በእንጨት ልንደግፈው ብንነሣ፣ የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ እንደማይነካ ጥበቃው በትሕትና አስረድቶናል። ግድግዳው እኛን እንዳይነካ የሚከለክል መመሪያ ግን ገና እንዳልወጣ ከዚያው ተረድቻለሁ።

፪. ፈቃዱን ልጠይቅ ስመጣ ጸሐፊዎ በበሩ ክፍተት ወንበርዎ ላይ የተሰቀለውን ኮት አሳይታኝ፣ ኮታቸው ካለ እሳቸውም አሉ ማለት ነው ብላ አስቀመጠችኝ። ምክትልዎን ብማጸናቸው ደግሞ፣ እሳቸው መፈረም የሚችሉት ኃላፊው በሌሉ ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ ኮቱ እዚያ እስካለ ድረስም ኃላፊው የሉም ለማለት ድፍረቱ እንደሌላቸው ገለጹልኝ። የሥልጣን ውክልና የሚባለውን ምዕራፍ እንዲህ አሳጥሮ ያስረዳኝ ሰው የለም። ኮቱ ጠዋትም ማታም ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ እንዲህ ያለ ትጉህ የመንግሥት ሠራተኛ አይቼ አላውቅም።

፫. አንድ ቀን መኪናዎ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ደርሼብዎ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ስላጽናኑኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ግድግዳውም ምክርዎን ሰምቶ ቀስ በቀስ ሄዷል።

፬. እናቴን ሳሎን ተኚ ብለን እኔና አባቴ ብንለምናት፣ መንግሥት ያቆመው ግድግዳ በሰው ላይ አይወድቅም ብላ እምቢ አለች። ይህን እምነት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ እኔ አላስተማርኳትም። ዝናቡ በበረታበት ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለች ወደቀባት። ቀበርናት። ማልቀስ እንደነበረብኝ ሰዎች ነግረውኛል፤ እኔ ግን ከቀብር መልስ ያሰብኩት አንሶላዋን ማን እንደሚያጥበው ነበር። እስካሁንም ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልተሰማኝም።

፭. ከሐዘን ሳንነሣ ፊርማዎ ያረፈበት ፈቃድ በመልእክተኛ ደረሰን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ እባክዎ አይስሟቸው፤ መልእክተኛው ራሱ ፍርስራሹን ተራምዶ ነው የሰጠን።

ለእርስዎም ለኮትዎም ያለኝን አክብሮት እኩል አካፍዬ፣ የወንበርዎን ዕድሜ እየተመኘሁ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የመጋዘኑ ጎረቤት

ማሳሰቢያ፦ ፈቃዱ ግድግዳውን በአስቸኳይ በእንጨት እንድንደግፍ ያዝዛል፤ ካልፈጸምንም እንደምንጠየቅ ያስጠነቅቃል። ዛሬ በቤታችን ድጋፍ የሚሻው አባቴ ብቻ ነው። እሱ የመንግሥት ንብረት ስላልሆነ፣ እርስዎን ሳላስፈቅድ ይዤው እቆማለሁ።