ቅዳሜ የማይበራ ብርሃን

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለቅዳሜና እሑድ ዕረፍትዎም ሰላም ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ። የብርሃን ሕክምና ክፍልዎ በተመረቀ ዕለት ሪባኑን ሲቆርጡ ከፊትዎ ቆሜ ማስታወሻ የያዝሁ፣ በማግስቱም «ካንሰር በብርሃን ድል ሊሆን ነው» ብዬ በፊት ገጽ የጻፍሁ፣ ስለዚሁም በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ከእጅዎ የተቀበልሁ ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ተመረመሩና ከቆሽታቸው አጠገብ፣ የሐሞት ቧንቧቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪምዎ አስረዱን፦ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ዕጢው ውስጥ ይከማቻል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ቀጭን የብርሃን ገመድ በአፍ ገብቶ ሲበራበት ዕጢውን ያቃጥለዋል። ፈጽሞ አያድንም፤ የተዘጋውን ቧንቧ ከፍቶ ዕድሜ ይጨምራል። መድኃኒቱ ቆዳ ውስጥም ስለሚቆይ ግን ሕመምተኛው አንድ ወር ያህል ፀሐይ ማየት የለበትም።

አንደኛ፣ ጋሼን ሐሙስ ጠዋት ስላስወጉልን አመሰግናለሁ። ከሐሙስ ሁለት ቀን ሲቆጠር ቅዳሜ ነው፤ ክፍልዎ ደግሞ ቅዳሜ ዝግ ነው። በቀጠሮ ካርዳቸው ላይ «ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ፣ ሰኞ» የሚል ባነበብን ጊዜ፣ ካንሰርም እንደ ማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድ እንደሚያርፍ ለመረዳት በቃን።

ሁለተኛ፣ ሰኞ ማልደን ስንመጣ ሐኪሙ አቀርቅረው ጊዜው ማለፉን፣ አሁን ቢበራም እንደሚፈለገው እንደማይሠራ ነገሩን። መድኃኒቱ ዕጢውን ቢለቅም ቆዳቸውን ግን አልለቀቀም ነበርና፣ ወንድሜ ብርሃኑን ሳያገኙ ጨለማውን ብቻ ተረክበው ተመለሱ። አርባ ዓመት መስኮት ሥር የኖረችው የስፌት መኪናቸው ጓዳ ገብታለች። መጋረጃውን ከወፍራም የካፖርት ጨርቅ፣ በድርብ ስፌት፣ ራሳቸው ሰፉት። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «እንደ ድንች ጨለማ ውስጥ አስቀምጠውኛል፤ ትንሽ ከቆየሁ ሳልበቅል አልቀርም» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኛል፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ያለው ነው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ የሚመለከተው እርስዎን አይደለም። ሐሙስ፣ መርፌው ከመወጋቱ በፊት፣ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ወደ ጎን ወሰደችኝና «ወንድሜ፣ ቅዳሜ ማን ሊያበራላቸው ነው? እኛ ብንናገር ማን ይሰማናል! ዳይሬክተሩ አንተን ያውቁሃል፣ ግባና ንገራቸው» አለችኝ። ገባሁ። ከወንበርዎ ተነሥተው በሁለት እጅ ጨበጡኝ፤ ጽሑፌ ከራስዎ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ይሉኝታ ያዘኝ። የክፍሉን ንጽሕና አድንቄ ወጣሁ። ነርሷ በዓይኗ ስትጠይቀኝ ሰዓቴን አየሁ። በምረቃው ዕለት የሪባኑን ቀለም ሳይቀር የጻፍሁ ሰው ክፍሉ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሠራ አልጠየቅሁም፤ ሠላሳ ዓመት ሰውን በጥያቄ ሳፋጥጥ ኖሬ የገዛ ወንድሜን አንዲት ጥያቄ ዋጥኋት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የእኔ አፍ በእርግጥ ንጹሕ ነው።

ጋሼ ይህን እስከ ዛሬ አያውቁም። ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን ጋዜጣዬን ግን በየቀኑ ከመጋረጃቸው ጀርባ በደካማ አምፖል ያነባሉና ይህን ሲጨርሱ ያውቃሉ። ፊት ለፊት ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜ ስለ ድንቹ አውርተን ተመልሻለሁ።

ሐኪሙ ሁለተኛ መርፌ እንደሚቻል፣ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ እንደሆነ ነግረውናል። ስለዚህ ያን ዕለት ቢሮዎ ቆሜ ልል የሚገባኝን ዛሬ በሕዝብ ፊት እላለሁ፦ እባክዎ ሰኞ ያስወጉልንና ረቡዕ ያስበሩልን። ቅዳሜዎን አንነካብዎትም።

የክፍልዎን ንጽሕና ያደነቀው፣ አንገቱን የደፋው፣
ዘግይቶ የጠየቀው ጋዜጠኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምስጋና ወረቀቱን ልመልስልዎት ባለፈው ቅዳሜ መጥቼ ነበር፤ ዘበኛው «ዛሬ ዝግ ነው» አለኝ። የብርሃን ሕክምና ክፍሉ በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ስትወለውል አየሁ። ቅዳሜ ቁልፉ ያለው እርሷ ዘንድ ከሆነ፣ ቀጣዩን ማመልከቻዬን ለእርሷ ባቀርብ ቅር እንዳይልዎት።