ወይዘሮ ሼፋሊካ ቢስዋስ፦ ከሙሪ ከረጢት እስከ ዝሆኑ ድልድይ

ከዚህ በታች የሚነበበው የሕይወት ታሪክ፣ እግዚአብሔር ምስክር ነው፣ አንዲት ቃል ያልተጨመረበት እውነት ነው። ጸሐፊው ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኦኒመሽ ሞንዶል ናቸው፤ በሕንድ አገር በክሪሽነጎር ከተማ እሳቸውን ዋሹ ብሎ የደፈረ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የልጆች ደራሲዋ ወይዘሮ ሼፋሊካ ቢስዋስ ከአባታቸው ከአቶ ኖሬን ሞንዶልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሹሺላ እ.ኤ.አ. በ1951 በክሪሽነጎር ተወለዱ። አባታቸው ሙሪ ይሸጡ ነበር፤ እንደ ፈንዲሻ የፈካውን ሩዝ። ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ መጽሐፍና መጽሔት በኪሎ ይገዛሉ። ቤቱ በወረቀት ከመሞላቱ የተነሣ ቤተሰቡ የሚተኛው በተራ ነበር። ወረቀቱን በዱቄት ሙጫ እያጣበቁ ከረጢት መሥራት የሼፋሊካ ድርሻ ሲሆን፣ የንባብ ፍቅር ያደረባቸውም ከዚያ ነው። የያዙትን ገጽ አንብበው ሳይጨርሱ አያጣብቁም፤ ገዢው ቆሞ ይጠብቃል።

«ልጄ፣ ሙሪውን በእፍኝ ልስጣቸው?» ይላሉ አባት።

«ቆይ አባባ፣ ነብሩ ገና ከወንዙ አልወጣም!»

«ይውጣና አንቺን ይብላሽ!»

ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በ1973 መምህርት ሆኑ። በ1976 ከአቶ ፖሪሞል ቢስዋስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ልጃቸውን ጁቲካን ወለዱ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1981 ሲወጣ የገዢው ሰልፍ ባቡር ጣቢያ ደርሶ፣ የካልካታው ባቡር ሰው እስኪያሳልፍ ዘግይቷል።

ክረምት ሲገባ፣ ከክረምቱ ማግስት ለሚውለው ለሂንዱዎቹ የዱርጋ በዓል የሚወጣው የልጆች መጽሔት እንዳያመልጣቸው፣ አልጋቸው ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ከደረታቸው ሥር ትራስ አድርገው ይጽፉ ነበር። እያንዳንዱን ታሪክ አስቀድመው የሚያነቡት ለወንድማቸው ነው። አቶ ኦኒመሽ ካዛጉ ጽሑፉ ይቀደዳል። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ይኼ አዞ ወሬ አበዛ» ቢሏቸው አዞው በማግስቱ ዲዳ ሆነ።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመ። አቶ ኦኒመሽ የማያውቁት ሐኪም ካልካታ ውስጥ የለም፤ ሁሉም መጡ፤ ምንም አልፈየዱም። ወይዘሮ ሼፋሊካ ዘንድሮ ነሐሴ ውስጥ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ዐረፉ። ያን ጊዜ ወንድማቸው ኮሪደሩ ላይ ሻይ ይዘው ቆመው ነበር። ሲነገራቸው ሻዩን ጠጡት። ስኳር አልነበረውም።

የመጨረሻ ታሪካቸው ድልድይ ስለሚፈራ ዝሆን ነው። ዝሆኑ ድልድዩ አፍ ላይ እንደ ደረሰ ጽሑፉ ቆሟል። መጽሔቱ እስከ ሰኞ እየጠበቀ ነው። መጨረሻውን ለአቶ ኦኒመሽ ብቻ ስለ ነገሯቸው እሳቸው ይጽፉታል፤ ዝሆኑም በሙዚቃ ታጅቦ ይሻገራል። በመጽሔቱ ላይ የእህትና የወንድም ስም ጎን ለጎን ይወጣል።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን የሕፃናት ሣቅ በማይቋረጥበት ያሳርፍልን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለባለቤታቸው ለአቶ ፖሪሞል ተነበበላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ጁቲካ «አባዬ፣ የሚጨመር አለ?» ስትላቸው የመለሱት፣ ይታተም ስላሉ፣ እንዳለ ሰፍሯል።

«ኦኒ፣ ስትጽፍ በሩን ትዘጋ ነበር። ለአንተ አንብባልህ አታውቅም። ለእኔም። ሁላችንም ያነበብነው ታትሞ ሲመጣ ነው። ዝሆኑን ተወው፤ እዚያው ይቁም።»