ከበረዶው ግድግዳ ሥር

ለምወድህ ልጄ ለማሊክ፣ ያለህበት የዴንማርክ ከተማ ብርዱም ሰዉም ይመችህ። እኔ እናትህ ደህና ነኝ።

ትናንት ከአጎትህ ከፒታክ ጋር ዓሣ ልናጠምድ ከባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ ወደቆመው የበረዶ ግድግዳ ሄድን። ጀልባዋን የነዳሁት እኔ ነኝ።

"አንቺ፣ መሪውን ልቀቂልኝ!" ይላል።

"ስሞት ትይዘዋለህ" አልኩት።

የወፎቹን ጩኸት ተከትዬ ስነዳ ግድግዳው አጠገብ መድረሴን ያወቅሁት እሱ ሲጮህ ነው። ጉም ነበር፤ እሱ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ብሎ ይከራከራል። ወዲያው ሞተሩ ጠፋ።

"ቅዘፊ! በላያችን ሊናድ ነው!"

"ዝም በል፣ ውሃው ራሱ ያወጣናል!"

በረዶው ጨዋማው ባሕር ውስጥ ሲቀልጥ የቀለጠው ውሃ ከጨዋማው ስለሚቀል ግድግዳውን ታክኮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጥልቁን ውሃ ከነምግቡ እየጎተተ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ወፎቹም የሚሰበሰቡት ለዚያ ነው። ያ ውሃ ጀልባችንን ቀስ እያለ ገፋት። ቤት የሚያህል በረዶ ሲናድ እኛ ርቀን ነበር። ከዚያ ሞተሩ ተነሣልን፤ ጀልባዋንም ዓሣ ሞልተን ተመለስን።

ፒታክ ደውሎ ስለ ሐኪም ቢያወራህ አትስማው። ነገም እወጣለሁ፤ መሪውንም ለማንም አልሰጥም።

ብቻ ፎቶግራፍ ስትልክልኝ ፊትህን ከቅርብ፣ በጣም ትልቅ አድርገህ አንሳው።

በሰላም ዋል፣ በሰላም እደር።

እናትህ ኢቫሉ