የእትዬ ዘይነባ ፍንጭት

ሰኞ

ደፈንኩት። ሁለት የፊት ጥርስ፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ በመሀሉ ክር የማያሳልፍ። ጋሽ ሙላት ከጀርባዬ ቆመው ስክሪኑን አዩና «አሁን ገና ሰው ሆንሽ» አሉኝ። የጥርስ ላቦራቶሪው ባለቤት ናቸው፤ ሲያሞግሱም እንደ ስድብ ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው፤ ያስቀሩኛል አያስቀሩኝም እያልኩ ጥፍሬን በልቼ ጨርሻለሁ።

ሥራዬ እንዲህ ነው፦ ታች ያለው ክሊኒክ የታካሚውን አፍ በካሜራ አንሥቶ ይልክልኛል። እኔ ጋ ሲደርስ ሜሽ ይሆናል፤ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች እንደ መረብ ተያይዘው የሠሩት ድድና ጥርስ ማለት ነው። የተሰበረው ላይ አዲስ ጥርስ እሠራለሁ፤ እጎትታለሁ፣ እገፋለሁ፣ አለሰልሳለሁ። መረቡ ላይ ክፍት ቦታ ካገኘ ፕሮግራሙ በቀይ ይጮህብኛል። ስለዚህ መድፈን ለምዶብኛል።

የዛሬዋ እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ በዝናብ አንሸራቷቸው ባፍጢማቸው ተደፉ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ተሰበሩ። እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ።

ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ!

ለመለኪያ የታተመው የፕላስቲክ ጥርስ ሲገጠምላቸው ልይ ብዬ ወረድኩ። መስታወቱን ያዙ። ከዚያ «ይቺ ደሞ ማናት?» አሉ።

ዶክተሩ «ያምራል እኮ» ቢላቸው «ለማን?» አሉት። «ፍንጭቴስ? ፍንጭቴን የት አደረሳችሁት?»

ፍንጭት! አገር ምድሩ ፍንጭት አይቶ በሚሞትበት ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ እኔ እቴ ቀዳዳ መስሎኝ ልድፈነው? ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉት ዝግጁ ጥርሶች ሁሉ ገጥመው ነው የሚመጡት። እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልኩ።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ሰው ሱቄን ‹ፍንጭቷ ጋ› ብሎ ነው የሚያገኘው። ሟቹ ባሌም መጀመሪያ ያየው እሱን ነው፣ ወላሂ። እሑድ የሙሽራ እናት ሆኜ በሰው ጥርስ ልስቅ ነው?» አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። እንባዬ መጣ።

ጋሽ ሙላት ተቆጡ። «ክፍተት ትተን ብንሰጥ ያየ ሁሉ ሥራቸው ተበላሸ ነው የሚለን» አሉ። እባክዎ አንዴ ልሞክር አልኳቸው። «ሞክሪ። ዓርብ ማሽን ላይ ካልገባ ግን አላውቅሽም።»

ረቡዕ

ከእሪ በከንቱ ወደ ፒያሳ ስወጣ መንገዱን ሙሉ የሰው አፍ ሳይ ነው የመጣሁት። አንዱ የታክሲ ረዳት «ምን አፈጠጥሽ እህት፣ ወደድሽኝ እንዴ?» አለኝ። ፍንጭት ነበር። የሱ ግን ጠባብ ነው።

ሁለቱን ጥርሶች አያይዤ ስለነበር የሠራሁት፣ ከመሀል ቆረጥኳቸው። ጎናቸው ተቀደደ። ጠገንኩት። በኮምፒውተሩ ብሩሽ ወደ ጎን ስገፋ ደግሞ የጥርሱ ግድግዳ ሳሳ፣ ፕሮግራሙ ቀላ። መብራት ጠፋ። ሴቭ አላደረግኩም! እንደገና ከዜሮ።

ከሰዓት ሁለተኛውን ሞከርንላቸው። ምላሳቸውን በመሀሉ ሰደድ አደረጉና «ኧረ የኔ ልጅ፣ ይሄማ ሚኒባስ ያሳልፋል!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ግን ልኩ የቱ ነው? የድሮ ፎቶ ካለዎት አልኳቸው፤ ሱቅ ደርሰው አመጡ። በሁሉም ላይ ከንፈራቸውን ገጥመው ቆመዋል። በእሳቸው ጊዜ ፎቶ ፊት ጥርስ ማሳየት ነውር ነበር አሉ። ተስፋ ቆረጥኩ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ሐያት አለችልሽ አይደል? ሙሽራዋ ልጄ። ፍንጭቷ የኔው ነው፣ ቁርጥ። ነገ እልካታለሁ።»

ሐሙስ

ሙሽራዋ መጣች። በኔ ዕድሜ ናት፤ ቆንጆ፣ ችኩል። ክሊኒኩ አፏን አነሣልኝ፤ ሜሹን ስከፍተው ፍንጭቷ ስክሪኑን ሞላው። ወይ ውበት! ከድዱ ጋ ጠበብ፣ ወደ ታች ሰፋ ያለ፤ ግራው ጥርስ ደግሞ ትንሽ ዘወር ብሏል። ይሄን በግምት መቼም አላገኘውም ነበር።

«አለቀ?» አለችኝ። አለቀ አልኳት። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለእማ እንዳትነግሪብኝ። ነገ የኔን ላስሞላው ነው፤ ሌላ ክሊኒክ ቀጠሮ ይዣለሁ።»

ለምን ስላት «ከልጅነቴ ጀምሮ የእናትሽ ኮፒ ስባል ኖርኩ። ለሰርጌ እንኳን እኔን ልምሰል» አለች።

ምን ልበላት? አፏ የራሷ ነው። ለእትዬ ልንገራቸው? ማን አድርጎኝ! ግን ቁጭ ብዬ መሥራት አቃተኝ። ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ደረጃውን ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ወረድኩ።

በመጨረሻ የሐያትን ሜሽ ከእናቷ ድድ ላይ ደረብኩት። ጠርዙን እየተከተልኩ የእትዬን ጥርሶች ወደ ልኩ አመጣኋቸው። ምንም አልሳሳም፣ ምንም አልቀላም። ገጠመ!

ዓርብ

ማሽኑ ዋናውን ጥርስ እየፈለፈለ ነው። ጋሽ ሙላት መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና «የሰው ጥርስ ይመስላል» አሉ። ያስቀሩኝ አያስቀሩኝ ግን አልነገሩኝም።

ሐያት አሁን የዚያኛው ክሊኒክ ወንበር ላይ ትሆናለች። ስልኳ የለኝም። ቢኖረኝስ ምን እላት ነበር? ስናደድ ዋልኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ

ተገጠመ። እትዬ ዘይነባ መስታወቱን አልተቀበሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው በምላሳቸው ዳሰሱት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ «እኔው መጣሁ።» ሳቁ። እንዲያ ነው የሚስቁት ለካ! ግንባሬን ሳሙኝ።

በዚህ መሀል ሐያት እጇን ሂና ተቀብታ ገባች። «እማ፣ እስቲ ልየው!» እናትየዋ ሳቁላት። እሷም ጥርሷን መደበቁን ረስታ ሳቀች።

ጥርሷ ገጥሟል። ነጭ፣ ቀጥ ያለ።

ዶክተሩ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። እኔ ወለሉን አየሁ። እትዬ ዘይነባ የልጃቸውን አገጭ ይዘው ወደ መብራቱ ዞር አደረጓት፤ ይጮሁባታል ብዬ ነበር። «ያምርብሻል» አሉ። ሐያት ማልቀስ ጀመረች። «እማ፣ አልተቆጣሽም?»

«ሰርግሽ ነው። ሂጂ፣ መኪናው ቆሟል። ሂናሽን እንዳታበላሺ።»

ልጅቷ ወጣች፤ እሳቸው ቀሩ። ሻሻቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉኝ። «የኔ ልጅ፣ ሐሙስ ያነሣችሁት የሷ አፍ ኮምፒውተርሽ ውስጥ አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«እንዳታጠፊው። አንድ ቀን ትፈልገዋለች።»

ላይ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ፊት ያለው ወንበር ሰኞ የኔ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም፤ ጋሽ ሙላት እስካሁን ትንፍሽ አላሉም። ፋይሉን በራሴ ፍላሽ ገልብጬ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም።