አሥራ ሁለተኛው ኮቴ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋቱ ቆጠራ፦ የተጫነ ድርቆሽ ሰባ ሁለት እስር። ከውስጥ ግሎ የጠቆረ አንድ። በደጃችን ያለፉ ሯጮች አሥራ አንድ።

የኡርጂ አባት፣ አካም ጅርታ? የመንገድ ሥራውና የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዘውሃል? ስልክህ እምቢ ስላለኝ ይህን እናንተ ዘንድ በሚመላለሰው ሾፌር በኦቦ ዲሪርሳ እጅ ልኬዋለሁ። ተቀምጠህ አንብበው። ልጃችን በሕይወት አለች፤ አስቀድመህ ይህን ያዝ።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ጉንፋን ያዛት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ በሳምንቱ ደረቷን ወጋት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዶክተር ሬሐና ደሟን አስመረመረች። “ትሮፖኒን ይባላል፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ነገር ነው” አለችኝ። ከአሥራ አራት ማለፍ ያልነበረበት ስድስት መቶ አርባ ሆኖ ተገኘ። ከሦስት ሰዓት በኋላ አስደገመችው፤ ዘጠኝ መቶ አሥር። “ቁጥር ብቻውን አይፈርድም” ብላ ልቧን በአልትራሳውንድ አየች፤ ስለ ጉንፋኑም ጠየቀች። የልብ ጡንቻ ብግነት ነው አለች። ስድስት ወር ሩጫ የለም፤ ከሮጠች ልቧ መንገድ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል።

ኡርጂን ታውቃታለህ። ፊቷ ደህና፣ ምግቧ ደህና። “ሃርሜ፣ እንደ ድርቆሽ ክምርሽ ብረት ሰክተው ሙቀቴን ለኩኝ እኮ!” እያለች ትስቅብኛለች። ከላይ የቀዘቀዘ ክምር ከውስጥ ሲነድ ስላየሁ አልሳቅሁም። የሩጫ ጫማዋን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ።

ቁጥሩ ወረደ፤ መቶ ሃያ፣ ከዚያ ሠላሳ። ባለፈው ሰኞ ግን አራት መቶ አሥራ አምስት።

“ሮጠሻል?” አለቻት ዶክተሯ።

“ኧረ ተኝቼ ነው የከረምኩት!”

ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ጫማው በጤዛ ርሷል፤ ሶሉ ላይ እርጥብ ሳር ተጣብቋል።

“ተኝተሽ ሳለ ከአንገትሽ ፈታሁት” አለች በመጨረሻ። “የክለቡ የሯጮች ምርጫ ታኅሣሥ ላይ ነው። ሁለት ጠዋት ብቻ ነው የሮጥኩት፣ ሃርሜ።”

እኔ፣ የድርቆሽ ሌባ ኮሽታ የሚያባንነኝ ሴት፣ አልነቃሁም። ጫማውን ዕለቱን አቃጠልኩት። ከዚያ ወዲህ እጇን ከእጄ ጋር በእስር ማሰሪያ ሲባጎ አስሬ ነው የምተኛው።

ዛሬ ንጋት ላይ ጉሙ ደጁን ሸፍኖት ነበር። የቡድኗ ልጆች መጡ። ኡርጂ ተጋድማ ጣቷን እያጠፈች ኮቴ ትቆጥራለች።

“አሥራ ሁለት” አለች።

“ያላንቺ አሥራ አንድ ናቸው።”

“የመጨረሻው የኔ ነው። ግራ እግሬን ሳብ እንደማደርግ አታውቂም?”

ሲባጎውን ሳብኩት። እጇ እዚያው ነው፤ ቀዝቃዛ። ፈትቼው ወጣሁና ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ሰው። ጉሙ ሲውጣቸው ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ደገምኩ። ያንን ቁጥር ደብተሬ ላይ አላሰፈርኩትም።

አንድ ነገር ለዶክተሯም አልነገርኩም። ደረቷን የወጋት ቀን ጨጓራ ነው ብዬ አርባ እስር አስጫንኳት።

ና አልልህም፤ የሥራህን ነገር አንተ ታውቃለህ። ብቻ ኦቦ ዲሪርሳ ሲመለስ የፊት ወንበሩ ባዶ ነው።

ዋቃ በምትሠራው መንገድ በሰላም ይመልስህ።

ድንቅቱ

ነገ፦ ኡርጂን በጠዋት ለደም ምርመራ መውሰድ። ወፍራም ሲባጎ መግዛት።