አሥሩ ምክሮችና የስድስት መቶ አርባ ሰው ምስጢር

ለተከበሩ የከተማችን ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት የመረጃ ደኅንነትና የአባላት ምስጢር ጥበቃ ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ ልጠይቅ እወድ ነበር፤ ነገር ግን የሰው ጤና የግል ጉዳዩ መሆኑን ከክፍልዎ ስለተማርኩ፣ ሳልጠይቅ እንዲሁ በደፈናው እንዲሰነብቱልኝ እመኛለሁ።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩ አራሚና የቤተ መጻሕፍትዎ አባል ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት «ምስጢርዎን በኢንተርኔት ላይ እንዴት ይጠብቃሉ? አሥር ምክሮች» የሚል ኢሜይል ልከውልን ነበር። አባሪውን ስከፍተው አሥሩ ምክሮች የሉም፤ በምትካቸው የስድስት መቶ አርባ አባላት ስም፣ ስልክ፣ የኢሜይል አድራሻ፣ የትውልድ ዘመንና በሁለት ዓመት ውስጥ የተዋስነው መጽሐፍ ሁሉ በፊደል ተራ ተሰድሮ ተቀምጧል። ኢሜይሉ ለስድስት መቶ አርባዎቻችንም ስለደረሰ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ የሚያማርር አባል አልተገኘም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ስላስተዋወቁ አመሰግናለሁ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት «ሠራተኛን ያለ ጭቅጭቅ ማሰናበት» የተባለውን መጽሐፍ መዋሳቸውን ሠራተኛቸው ሻጯ፣ ሻጯ ደግሞ «የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ አጻጻፍ»ን መዋሷን ባለቤቱ፣ በአንድ ጠዋት ዐወቁ። የሳል መድኃኒት ልገዛ ስገባ ሁለቱም ከአንድ ባንኮኒ ጀርባ ቆመው፣ አንዳቸው ለሌላው በታላቅ ትሕትና መቀስ ያቀብሉ ነበር። የእኔም ባለቤት «ከሚያንኮራፋ የትዳር ጓደኛ ጋር መኖር» የሚለውን ሦስት ጊዜ መዋሴን አይታ፣ ለአራተኛ ጊዜ እንዳልቸገር በማሰብ ትራሷን ይዛ ወደ ሳሎን ተዛወረች።

ሁለተኛው ምስጋናዬ እንደ መጀመሪያው አያስቅም። እትዬ የምላት ታላቅ እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ስትሞት በአሥራ አራት ዓመቷ ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ያሳደገችኝና ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እኔ በፊደል ስተዳደር እሷ ፊደል ሳትቆጥር ስድሳ አንድ ዓመት ሞላት። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ደንበኛ ወረቀት ሲሰጣት መነጽሯን ቤት ትረሳለች፤ ቅጽ ሙዪ ስትባል እጇን ያማታል። መነጽር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኖሯት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ግን ለእኔ እንኳ ሳትነግር ቤተ መጻሕፍትዎ ከሰዓት በኋላ በሚያስተምረው የጎልማሶች ክፍል ተመዝግባ ሀ ሁ ማለት ጀምራ ኖሯል። ያወቅሁት ከዝርዝርዎ ነው። ከስሟ ትይዩ «ፊደል ለጀማሪዎች፣ ሰባት ጊዜ» ይላል።

ሰዎች ክፉ አልሆኑባትም፤ ቢሆኑባት ይሻላት ነበር። አንዷ ደንበኛዋ ልጇ አንደኛ ክፍል ሳለ የጻፈበትን ደብተር አመጣችላት፤ ሌላዋ የእትዬን የገዛ ሱቅ ታፔላ በጣቷ እየጠቆመች ጮክ ብላ አነበበችላት። እትዬ ሁለቱንም አመስግና ሸኘች፤ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና ሱቋን ዘጋች። ሄጄ ሳያት «ስድሳ ዓመት የያዝኩትን በአንድ ጠዋት ጣሉብኝ» አለችኝ። ወደ ትምህርቷም መሄድ ተወች።

ሦስተኛ፣ ዝርዝርዎ ከእኛ አልፎ ሩቅ ስለተጓዘ እንኳን ደስ ያለዎ። በሳምንቱ በቤተ መጻሕፍቱ ስም ሌላ ኢሜይል መጣልን፤ ስለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ ጠይቆ፣ አባልነታችንን ለማረጋገጥ ማስፈንጠሪያውን ተጭነን የኢሜይላችንን የይለፍ ቃል እንድናስገባ ይለምናል። ይቅርታ መጠየቁን ሳይ ብቻ ከእርስዎ እንዳልመጣ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። ሠላሳ ዓመት ያረመው ዓይኔ በአንድ ትንፋሽ አነበበው፣ እጄም ታዘዘ። በዚያው ቀን ከእኔ ኢሜይል ለማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የፀጉር ማብቀያ ቅባት ማስታወቂያ ተላከ። ፀጉራቸውን ከተሰናበቱ ሃያ ዓመት የሆናቸው ሥራ አስኪያጄም ደርሷቸው፣ እስከ ዐርብ ድረስ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ ይመልሱልኝ ነበር።

ያው ኢሜይል ለእትዬም በስልኳ ደርሷት ኖሯል። ሱቋ ተዘግቶ ሥራ ስለፈታች፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች ግማሽ ቀን ፈጅታ አነበበችው። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥታ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ አንድ ቃል አሳየችኝ።

«በክፍላችን በር ላይ የተጻፈው ‹ቤተ መጻሕፍት› ነው፤ ጻ፣ ራብዕ» አለችኝ። «ይኼ ‹ቤተ መጽሐፍት› ይላል። የእነሱ አይደለም፤ እንዳትነካው።»

እኔ ግን ቀድሜ ነክቼው ነበር። ስነግራት ሱቋን ከዘጋች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምንም እንኳ እንደ አራሚ ልቀበር የሚገባኝ ቀን ቢሆንም።

አራተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። በማግስቱ ሁለታችን አቤት ልንል ወደ ክፍልዎ መጣን። የአቤቱታው ቅጽ ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ዘመንና፣ ለጥንቃቄ ሲባል፣ የእናት ስም ይጠይቃል፤ የተሞላው ደግሞ ባንኮኒው ላይ ክዳን በሌለው ካርቶን ይከማቻል። ተራዬን ስጠብቅ ከእኔ በፊት የመጡ የአራት ሰዎችን በደል አንብቤ ከልቤ አዘንኩላቸው። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው ስለ ምስጢር አያያዝ እንደሆነ ከግድግዳው ወዲህ በደንብ ይሰማ ነበር። ጸሐፊዎ ሁለቱንም ቅጽ ለእኔ ሰጥታ፣ የእኅቴንም እኔው እንድሞላላት በደግነት ነገረችኝ።

እትዬ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለች። ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈችውን ቢጫ ወረቀት ትኩር ብላ አየችና፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ «የ… ይ… ለፍ… ቃል» ብላ ጀመረች። ቁጥሩንማ የስፌት ሜትር ያስለመዳት ነውና ከአንድ እስከ ስድስት ሳትደናቀፍ ተወጣችው። እኅቴ በሕይወቷ በአደባባይ ያነበበችው የመጀመሪያ ጽሑፍ የክፍልዎ የይለፍ ቃል ነው። ጸሐፊዎ ወረቀቷን በመዳፏ ሸፈነች። እትዬም ብዕር ለምና ቅጿን ራሷ ሞላች። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባት፤ ሰልፉ ጠበቀ፣ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሰኞ ሱቋን ከፈተች፤ ማክሰኞ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

የተከበሩ ኃላፊ፣ እኅቴ የከተማችንን ግማሽ ሕዝብ ወገብ ታውቃለች። ማን በዓመት ውስጥ ስንት ጣት እንደሰፋ፣ የማን ሙሽራ ቀሚስ ወገቡ ለምን በጥድፊያ እንደተለቀቀ፣ የትኛው ባለሥልጣን ኮቱ ትከሻ ውስጥ ስንት ስፖንጅ እንደሚያስከትት፣ ሁሉም በጭንቅላቷ አለ። በአርባ ሰባት ዓመት አንድም አልወጣም። ክፍል የላትም፣ ኃላፊ የላትም፣ አሥር ምክርም አልደረሳትም።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ወደፊት ለብዙ ሰው ሲጽፉ አንዳችን የሌላችንን አድራሻ እንዳናይ ያድርጉ፤ አባሪ ከመላክዎ በፊትም አንድ ጊዜ ከፍተው ይዩት። ለእኅቴ ደግሞ የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፉላት። ለእሷ ብቻ ይሁን፣ በፖስታ ይታሸግ፣ ፊደሉ ጎላ ይበል። እኔ አላነብላትም።

ስሜን፣ ስልኬንና ዕድሜዬን እዚህ ብጽፍ ድግግሞሽ ስለሚሆን፣ ከዝርዝርዎ ተራ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ላይ እንዲመለከቱልኝ እየጠየቅሁ፣ ለክፍልዎ ያለኝን አክብሮት ምስጢር አድርጌ እንደያዝኩ እሰናበታለሁ፤

የሚያንኮራፋው እሱ ራሱ መሆኑ በቅርቡ የተነገረው አራሚ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት እትዬ አንብባልኝ ሁለት ስሕተት አርማለች። ትናንት መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ ሳለ፣ ክፍልዎ ጥበቃውን አጠናክሮ የይለፍ ቃሉን መቀየሩን ከቢጫዋ ወረቀት አንብባ ተደስታለች። ሰባት ስለተጨመረበት እንኳን ደስ ያለዎ ብላለች።